ቲቸርን በሕይወት ሳሉ ላከበራችሁልን ሁሉ

ሰላም ለባህል አዳራሽ ሰፈር ሰዎች፣ ሰላም ከሐዋሳ ውጭ ላላችሁ የቲቸር ልጆች። ይህን የምጽፈው በኮሚቴው ስም ነው። ኮሚቴው ግን «እንደሚመችሽ ጻፊው» ስላለኝ ከደብዳቤ ይልቅ ወደ ወሬ ያደላል፣ ታገሡኝ።

ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ትንሿ መናፈሻ እሁድ ዕለት በቲቸር ስም ተሰየመች። ታፔላው በሲዳሙ አፎም በአማርኛም ተጽፎ ቆሟል። መጋረጃውን የገለጡት ራሳቸው ቲቸር ናቸው። ሙሉ ስማቸውን እዚያው ሄዳችሁ አንብቡት፤ እኔ እዚህ ብጽፈው ግማሻችሁ «ደሞ እኚህ ማን ናቸው?» ትላላችሁ።

ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ብላችሁ በቅርቡ ከተማችን የገባችሁ ልጆችም ቆማችሁ ስታዩ ነበር። አንዷማ «ባለሥልጣን ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደሉም። ቲቸር የቀበሌ ኪነት ያፈራቸው ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው። መዝሙሩ የአብዮት ይሁን እንጂ ክራር መቃኘትንም፣ መድረክ ላይ መቆምንም እዚያ የተማረው ልጅ ብዙ ነው። 1983 ላይ መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ፣ መሣሪያውም አብሮ ተበተነ። ከበሮውን የወሰደ አለ፣ አኮርዲዮኑን የወሰደ አለ፣ እስከ ዛሬ እጁን ያወጣ ግን የለም። ቲቸር ልጆቹን አልበተኑም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ልምምዱን ቀጠሉ፤ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ ክፍሉ ሲቆለፍባቸው ደግሞ ውጭ፣ ያኔ ሰፈሩ ቆሻሻ ይጥልበት በነበረው ክፍት ቦታ ላይ፣ ዛፉ ሥር። ዛሬ መናፈሻ የሆነው ያ ቦታ ነው። ከዚህ የተሻለ ሰፊ ቦታ አለ ተብለን ነበር፣ እኛ ግን እምቢ ያልነው ለዚህ ነው።

ከዚያ 1990ዎቹ መጡ፣ ኤድስ በየቤቱ ገባ። ሰው እየሞተ በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር፣ «ሳንባ ነው» ነበር የሚባለው። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ፀረ ኤድስ ክበብ ነበረው፣ ግን ያው ግጥም ማንበብና ፖስተር መለጠፍ ነው። ቲቸር ድራማውን ይዘውን መናኸሪያ ገቡ። እስቲ አስቡት፣ ረዳቱ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! ዲላ!» እያለ ይጮኻል፣ መንገደኛው ዕቃ ያስጭናል፣ እኛ መሀል ላይ እንተውናለን። ድምፅህ ካልወጣ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። እሳቸው ከኋላ ቆመው «አልሰማሁም!» ይሉናል። እኔ ዛሬ ስብሰባ ላይ ማይክ የማልፈልገው ከዚያ የመጣ ነው፣ ባለቤቴም ቤት ውስጥ በዚሁ እንደተማረረ አለ።

ሌላው ነገር፣ የሐዋሳ ልጅ ድብልቅ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ቲቸር የወላይታውን ልጅ የሲዳማን ፋሮ፣ የሲዳማውን ልጅ እስክስታ ያስጨፍሩ ነበር። ፋሮን ግን ራሳቸው አያስተምሩም፤ የሚያውቁ እናቶችንና ሽማግሌዎችን ከሰፈር ለምነው ያመጡና «ከባለቤቱ ተማሩ» ይሉናል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሲመዘገብ «ባህላችን ባህላችን» ያላለ ሰው አልነበረም። ቲቸር ይህን ከጀመሩ ስንት ዘመናቸው ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናው።

መጀመሪያ እድራችን። ድንኳኑ የእናንተ፣ ወንበሩ የእናንተ፣ ድስቱ የእናንተ። ጥሩምባ ነፊያችን ጋሼም ቅዳሜ ማለዳ በየመንደሩ ሲዞሩ ሰው ነጠላውን እያጣፋ «ማን ሞተ?» እያለ ወጣ። «ማንም አልሞተ! ነገ የቲቸር ቀን ነው፣ ውጡ!» እያሉ ነበር የዞሩት። አንዲት ጎረቤታችን ደንግጠው ከተቀመጡበት ለመነሳት ጊዜ ወስዶባቸዋል፣ ይቅርታ እማማ። ግን ያን ጥሩምባ ለደስታ ሲነፋ ሰምቼ አላውቅም፣ እናንተም አልሰማችሁም።

የባጃጅ ልጆች፣ ከሐይቅ ዳርም ከአቶቴም አሮጊት አዛውንቱን ያለ ሳንቲም ያመላለሳችሁ፣ ተባረኩ። ጀበና ቡና የምትሸጡ እህቶች፣ የቀን ገበያችሁን ትታችሁ ስኒ ይዛችሁ መጣችሁ፣ ይህን ኮሚቴው አይረሳውም። ቡርሳሜ፣ ያን የቆጮና የቅቤ ምግባችንን፣ ሠርታችሁ ላመጣችሁ እናቶች ደግሞ ምን ልበል፣ ለኮሚቴው አባላት ሳይደርስ አለቀ።

ታፔላውን የሠራው የብየዳ ቤት ልጅ የብረቱን ዋጋ ብቻ ነው የተቀበለን። አንድ የሲዳሙ አፎ መምህር ጽሑፉ ወደ ብየዳ ከመሄዱ በፊት «ቆይ አንዴ ልየው» ብለው አንድ ፊደል መጉደሉን አገኙልን። ፊደሉ ሳይታረም ቢበየድ ኖሮ ቲቸር መጋረጃውን ገልጠው መጀመሪያ የሚናገሩት እሱን ነበር፣ እኔ አውቃቸዋለሁ።

ስለ ቢሮው ነገር ብዙ አልልም። ደብዳቤያችን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲንከራተት ከርሟል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ሁላችሁም ስለምታውቁት ልለፈው። ያናደደኝ ግን አንዱ ነው፤ «በሕይወት ላለ ሰው ቦታ አይሰየምም» ተባልን። ደንቡን አሳዩን ስንል ደንብ የለም፣ አልተለመደም ነው መልሱ። ታዲያ ይህ ልማድ ለማን ይጠቅማል? እኛ አገር ለሰው ደህና ነገር የሚነገረው ለቅሶ ላይ ነው። የሕይወት ታሪኩ በእንባ ይነበባል፣ የሚነበብለት ሰው ግን አይሰማም። ቲቸር ይስሙት አልን፣ በቃ። የሰፈሩን ፊርማ እንደገና አሰባስበን ተመለስን። እዚያው ቢሮ ያለች አንዲት ወጣት ባለሙያ ፋይሉን ከሥር አውጥታ በእጇ ይዛ ምክር ቤት ድረስ ሄደችልን። ስሜን እንዳትጠሩ ስላለች አልጠራም። አንቺ ግን እራስሽን ታውቂያለሽ፣ እግዜር ይስጥሽ።

እሁድ መብራት መጥፋቱን ያያችሁት ነው። ሞንታርቦው ዝም አለ፣ የመድረክ መሪያችን ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ፣ ጄኔሬተር ፍለጋ ልጆች ሮጡ። ቲቸር ካባቸውን እንደለበሱ ከወንበራቸው «ምን አስቆመህ? እኔ በማይክ ነው እንዴ ያስተማርኩህ?» አሉት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም አነበበ፣ ሁለት ጊዜም «አልሰማሁም» ተብሏል። ጄኔሬተሩ ሲመጣ ፕሮግራሙ አልቆ ሽማግሌዎች እየመረቁ ነበር፣ ላመጣችሁት ግን እናመሰግናለን።

የቀረ ነገር አለ። መናፈሻዋ ማታ መብራት የላትም፣ መጸዳጃም የላትም፤ ማዘጋጃ ቤት ይህን ያውቃል፣ እኛም መጠየቃችንን አናቆምም። የተተከሉትን ችግኞች ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ውሃ የሚያጠጡ ልጆች ተራ ይዘዋል፤ ስም ማስመዝገብ የምትፈልጉ ጀበና ቡናዋ ጋር መዝገቡ አለ። የቅዳሜ ልምምድ ከቀኑ 9 ሰዓት እዚያው ዛፉ ሥር ነው፣ ልጆቻችሁን ላኩ፣ ክፍያ የለውም። ቲቸር እንደ ድሮው ሙሉ ሰዓት አይቆሙም፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አሁን የሚያሰለጥኑት ያኔ መናኸሪያ የተወኑት ልጆች ናቸው።

በመጨረሻ፣ የእድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሲያገኙኝ ሁሉ የሚጠይቁኝ ነገር አለ። አንዳንድ የፕላስቲክ ወንበሮች አልተመለሱም፣ ትልቁ ድስትም ክዳኑ የለም። የሞንታርቦው ረጅም ገመድም ጠፍቷል። ተሳስታችሁ ይዛችሁ የሄዳችሁ እባካችሁ እስከ ቅዳሜ መልሱ፣ ማንም አይጠይቃችሁም።