የጊደሯ ነገር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤ ቢቸና።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ያንብብልዎት፤ ለተማሪዎችዎ አይስጡት። እነሱ ፊት እንዲነበብ የማልፈልገው ነገር አለበት።

ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ለጎረቤት «የግራው ጨልሟል» ብለው ለእኔ «ትንሽ ጭጋግ ብጤ ነው» ማለትዎን ሰምቻለሁ። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ እዚሁ ባሕር ዳር ይሠራል፤ ብዙው ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይገባል። ለየካቲት 14 ቀጠሮ አስይዤልዎታለሁ። መንገዱ ክፍት ከሆነ በሞጣ፣ በአዴት አድርገው ይምጡ። የስኳር መድኃኒትዎን ግን እንዳያቋርጡ፤ ጾም ነው ብለው የሚያደርጉትን አውቃለሁ።

ልጁ 6 ዓመት ሞላው። የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ጣለው። ባዶ ጀሪካን አቅፎ ሲመታ እጁን የሚያነሳው ልክ እንደ እርስዎ ነው፤ ማንም አላሳየውም። ፊደል እስከ «ቸ» ደርሷል። ስለ እሱ ብቻ ብጽፍ ወረቀቱ ይሞላልኝ ነበር።

ባለፈው በስልክ «ባንድ የምትሉት ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም። አሁን ልመልስልዎት። አራት ነን፤ አንዱ ድራም፣ አንዱ ሊድ ጊታር፣ አንዷ ትዘፍናለች፣ እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቤዝ 4 ክር ያለው፣ ድምፁ ወፍራም፣ ከሥር ከሥር የሚሄድ ነው። ስም ገና አላወጣንም። የምንጫወተው ሮክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጃኖ ባንድ በአማርኛ ተጫውቶታል፤ እዚህ ግን ሆቴሎቹ ኪቦርድ የያዘ አንድ ሰው ይበቃቸዋል፤ «እስክስታ የሚያስመታ ነገር የላችሁም?» ይሉናል። መብራት ሲጠፋ በጨለማ ያለ አምፕሊፋየር እንለማመዳለን። ያኔ የራሴን ክር የምሰማው ጣቴ ላይ ብቻ ነው።

ጊታረኛው የአንቺሆዬን ቅኝት በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በዲስቶርሽን አሻክሮ ይጫወተዋል። ዘፈኑ ግን በጩኸት አይጀምርም። ማኅሌት ላይ መጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ተብሎ፣ በዝማሜው መቋሚያው ሲዘም፣ በመረግዱ ከበሮው ሲገባ፣ ኋላ ጽፋቱ ሲፈጥንና እኛ ሴቶቹ እልል ስንል የነበረው አነሣስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውነቴ ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያንን አንዲት ሐረግ መድረክ ላይ አላወጣሁም፤ አወጣች ብሎ የነገረዎት ሰው ዋሽቷል። የወሰድኩት ቶሎ አለመጮህን ነው።

ክራሬን ሲያቃጥሏት 12 ዓመቴ ነበር። አጎቴ የሠራልኝ፣ 6 ክር ያላት። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብለው ምጣዱ ሥር ከተቷት። እናቴ በዚያ እሳት የጋገረችውን እንጀራ አልቀመሰችም፤ እርስዎ ግን በሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር አባባ። ማታ ማታ ተማሪዎችዎን ዜማ ሲያስጠኑ እኔ ጓዳ ሆኜ በልቤ እከተል ነበር፤ የቱ ድምፅ ከየቱ ቀጥሎ እንደሚመጣ ከተማሪው ቀድሜ አውቅ ነበር። ከእርስዎ ነው የለመድኩት። ይኸው 19 ዓመት ሙሉ፣ የእናቴ ተዝካር ላይ እንኳ፣ አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም። እኔም አላነሳሁም።

አሁን የጊደሯን ነገር ልንገርዎ። በደወሉ ቁጥር «ወለደች ወይ?» ይሉኛል፤ እኔም «ገና ናት» እላለሁ። አምና ለልጁ ወተት ብለው የሰጡኝን፣ አዴት ለርቢ ያኖርኳትን ጊደር መስከረም ላይ ሸጥኳት። በገንዘቡ ቤዝ ጊታሩንና አምፕሊፋየሩን ገዛሁ። ልጁ ወተት አልጎደለበትም፤ በየጠዋቱ እየገዛሁ አጠጣዋለሁ። ስለዋሸሁዎት እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለገዛሁት ግን ይቅርታ መጠየቅ አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር፤ እጄ እንቢ አለ።

ዓይንዎ ከተሠራ በኋላ ይታሸጋል፤ በማግሥቱ ነው የሚነሣው። እስከዚያ ዝም ብለው ከሚቀመጡ እጅዎን ይዤ ልምምድ ወደምናደርግበት ቤት ልውሰድዎት። ማንንም ማየት አይጠበቅብዎትም። አንዱን ዘፈን ብቻ ይስሙልኝ፤ 6 ደቂቃ ነው። ካልወደዱት በመካከል «ይበቃል» ይበሉ፤ እናቆማለን።

ደረጃው 11 ነው፤ መደገፊያ የለውም። መቋሚያዎን ይዘው ይምጡ።

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር