በየትኛው እጇ ማይክ ትያዝ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጃዝ ስላሉ ሴቶች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ደሴ፣ ፒያሳ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ፎቶው ጋ ስደርስ ቡናዬን ረሳሁት። ከሥሩ «ድምጻዊት ቴሪ ሊን ካሪንግተን» ይላል። ሴትዮዋ ድራም ላይ ተቀምጣለች። በሁለት እጇ ዱላ ይዛለች። ማይኩን በየትኛው እጇ እንድትይዝ አስባችሁ ነው?

ካሪንግተን ድራመር ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 በግራሚ የምርጥ የጃዝ መሣሪያ አልበም ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። «መሣሪያ» የሚለው ይሰመርልኝ። በ2018 ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ በተማረበት በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ውስጥ የጃዝና የፆታ ፍትሕ ተቋም መሠረተች። የጃዝ ተማሪ በሚለማመድባቸው መድብሎች ውስጥ የሴት ድርሰት ማግኘት ጭንቅ ነበር። እሷ በ2022 ሴቶች የደረሷቸውን 101 ሥራዎች ሰብስባ አወጣች። እናንተ ተቋሙን በትክክል ጠቅሳችሁ መሥራቿን ዘፋኝ አደረጋችኋት። ጎበዝ!

ድምጻዊት መባል ስድብ ነው አላልኩም። ማሪቱ ለገሰን ያፈራ አገር ላይ ሆኜ እንዲህ ብል አፌን ይዝጋው። ግን ፒያኖ ላይ እነ ሜሪ ሉ ዊሊያምስ፣ ትሮምቦን ላይ እነ ሜልባ ሊስተን ከኖሩ በኋላም፣ ሰው መድረክ ላይ ሴት ሲያይ የሚጠብቀው ዘፈን ብቻ ነው።

እኔን ጠይቁኝ። ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ጥር ላይ ኪቦርዴን ዘርግቼ ገመድ ስሰካ የሙሽራው አጎት መጡና «የኔ ልጅ፣ ኪቦርዲስቱ ገና አልመጣም?» አሉኝ። «መጥቷል» አልኳቸው። ምን ላድርግ? ማታ ክፍያዬን ለጊታሪስቱ ሰጡት፣ «አካፍላት» ብለው። ያን ምሽት በባቲና በአንባሰል ቅኝት ስንጫወት እሱ ዓይኑን እጄ ላይ ተክሎ ነበር የሚከተለኝ።

(ባቲም አንባሰልም የወሎ አገሮች ናቸው። ዘገባችሁ ስለ ኢትዮ ጃዝ ሲያወራ ከአዲስ አበባ ክለቦች አልወጣም። እሱን ለሌላ ቀን።)

አሁን የምፈልገው የአንዲት ቃል እርማት ነው፤ ፎቶው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን። «ድራመር» ማለት ከከበዳችሁ «ከበሮ መቺ» በሉ፣ ቅር አይለንም።

ኪቦርዲስቱ፣
ከደሴ
(አልዘፍንም)