ውሃው የሚሄድበት ሳይታወቅ ቁፋሮ አይጀመር

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው አቅጣጫ በረግረጋማ ቦታዎች ዳርቻ እየተስፋፋ ስላለው ግንባታና ስለሚያስከትለው ጎርፍ የሚመለከታቸው የከተማችን ኃላፊዎች እንዲያስቡበት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በሰፈራችን ታችኛው ጫፍ ጨፌ አለ። በጋውን ከብት ይግጥበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ያስተኛዋል፣ ያመጣውን አፈር በሣሩና በፊላው ሥር ያስቀርና ውሃውን ቀስ አድርጎ ለወንዙ ይለቀዋል። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ በጨፌው ጠርዝ መሠረት ተቆፈረ፤ የወጣው ጥቁር አፈር በገልባጭ መኪና እየተጫነ እዚያው ጨፌው ውስጥ ተደፋ፤ ቦታውም በገረጋንቲ ተሞልቶ ከጎረቤቶቹ ግቢ ከአንድ ክንድ በላይ ከፍ አለ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ሲዘንብ ያደረው ውሃ መተኛ ቢያጣ ወደ ጎን ዞሮ ከእኔ ሁለት ግቢ ዝቅ ብለው ለብቻቸው የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ገባ። ጎህ ሲቀድ ባልዲ ይዘን ስንደርስ ጎታቸው ከሥሩ ርሶ፣ ለክረምቱ ያስቀመጡት ጤፍ ከጭቃ ጋር ተለውሶ አገኘነው። አቤቱታ ይዘን ብንሄድ የተሰጠን መልስ ግንባታው ፈቃድ አለው የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ፈቃድ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ፈቃድ ሲሰጥ ውሃው ወዴት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብበት 6,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 30 በርሜል ውሃ በአሸንዳው ያወርዳል። ከፊሉን አፈርና ሣር ይይዘው የነበረው ይህ ሁሉ ውሃ አሁን በአንድ ጊዜ ከግቢ ይወጣል። አንድ ቤት ብቻውን ምንም ላይመስል ይችላል፤ ጨፌውን ከበው የሚሠሩት ቤቶች መቶ ሲሆኑ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ሲባል ከሌላ አካባቢ የተቀዳ ዲዛይን ይዞ በየግቢው ማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈርም እዚህ አይሠራም። የታችኛው አካባቢያችን አፈር በበጋ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ የሚያብጥ መረሬ ነው፤ የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ይጠጣና ከዚያ በኋላ ይዘጋል፣ ውሃ አያሰርግም። ከመሠረት አጠገብ ውሃ ማጠራቀም ደግሞ አፈሩን አሳብጦ ግድግዳ ያሰነጥቃል። ስለዚህ ውሃው ከቤቱ ራቅ ብሎ በግልጽ ማቆያ ኩሬ ተይዞ፣ ከግንባታው በፊት ከነበረው ፍጥነት ሳይበልጥ፣ መውጫው ላይ ድንጋይ ተነጥፎለት በስፋት ወደ ጨፌው ቢለቀቅ ይሻላል። ጨፌውን ራሱን ደለል ማስቀሪያ ማድረግ ግን ሞልቶ እንዲሞት መፍረድ ነው። ሁሉንም ውሃ በቱቦ ጠልፎ ወደ ወንዝ መውሰድም ያደርቀዋል። ለጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ ለመሙላት ከቀሃ ወንዝ ውሃ በቦይ ያመጡ አባቶቻችን መግቢያውንም መውጫውንም አስበው ነበር የሠሩት።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው በግንባታው ወቅት ነው። ሣሩ ተገፎ፣ አፈሩ ተቆልሎ ክረምት ከገባ የመጀመሪያው ዶፍ ክምሩን ጠርጎ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በግንቦት ጥድፊያ የተቆፈረ መሠረት ሐምሌ ላይ የሰፈር ጭቃ ይሆናል። ደለል ምን እንደሚያደርግ ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ የመጠጥ ውሃችንን የሚይዘው የአንገረብ ግድብ ቦታውን ለደለል እየለቀቀ መምጣቱን የምናውቀው በቧንቧችን ነው። የቀሃና የአንገረብ ውሃ ከከተማዋ በታች ተገናኝቶ በመገጭ በኩል በደምቢያ ሜዳ አልፎ ጣና ይገባል። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው ሐይቅ በእምቦጭ ሲወረር አይተናል፤ አፈርና ቆሻሻ ይዞት የሚሄደው ንጥረ ነገር ደግሞ ለእምቦጩ ምግብ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በመመሪያ ተለይተው ለሚዘረዘሩ ፕሮጀክቶች ነው። የየሰፈሩን ቤት መጠየቅ ያለበት የግንባታ ፈቃዱ ራሱ ነው። ቤት የሚሠሩት ወገኖቼ የተመሩበት ቦታ ላይ ጎጆ ለመውጣት የሚደክሙ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የምጠይቀው እንዲከለከሉ ሳይሆን አስቀድሞ እንዲነገራቸው ነው። በጨፌው ዙሪያ የማይነካው ዳርቻ በሜትር ተለክቶ ካርታ ላይ ይስፈር፤ የውሃው መውጫ በሳይት ፕላኑ ላይ ይታይ፤ የሙሌት ከፍታ ከጎረቤት ግቢ ጋር ይነጻጸር፤ የተቆፈረ አፈር የሚደፋበት ቦታ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ይታወቅ፤ ተቆጣጣሪውም መሠረት ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ዝናብ በጣለ ማግስት ይምጣ። ኩሬና ቦይ ተሠርቶ ከተተወ በሁለት ክረምት ይደፈናል፤ ስለዚህ ማን እንደሚጠርገው ፈቃዱ ላይ ይጻፍ።

እኒያ እናት ዘንድሮ ጎታቸውን በድንጋይ ካብ ላይ አስነስተውታል። አምና ጨፌው ውስጥ የተደፋው ጥቁር አፈር ግን አረም በቅሎበት እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ሰኔ ሳይገባ እንዲነሳ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዘዞ ነዋሪ፣ ጎንደር