ከመስኮት 3

አንቺ ልጅ፣ እንዴት ነሽ? ጅቡቲ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጋ ሰሞኑን ድሬ ምጣድ ሆናለች፣ አንቺ ደሞ ከዚህ የባሰበት ሄደሽ ተቀመጥሽ፣ ምን ይባላል። ሁለት አመት ሊሞላን ነው እኮ። ሶስት ጊዜ ጽፈሽልኛል፣ ሶስቱንም አንብቤያለሁ፣ ስልኬ ጠፍቶ ምናምን ብዬ አልዋሽሽም። ያልመለስኩልሽ በምክንያት ነው፣ እደርስበታለሁ፣ ግን ዘልዬ ብገባበት አይገባሽም ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ስራዬ ትንሽ ልቀባጥር፣ ታገሺኝ።

ግንባታ ፈቃድ ክፍል ገባሁ ብዬሽ ነበር አይደል? ምህንድስና እንዳይመስልሽ አቦ፣ ፊት ለፊት መስኮት ላይ ነኝ፣ መስኮት 3። ፋይል እቀበላለሁ፣ የጎደለ ካለ እናገራለሁ፣ ለካርኒ እልካለሁ፣ ቀጠሮ እሰጣለሁ፣ አለቀ። የሚወስኑት ከኋላ ያሉት ባለሙያዎች ናቸው፣ ፕላን የሚያዩት፣ ሳይት ወርደው የሚለኩት። ስገባ የ2001ዱን የህንጻ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ አስጠኑኝ፣ ምድብ ሀ ምድብ ለ ምድብ ሐ፣ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ሀ ነው፣ ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሐ ነው እያልኩ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ለመስኮቱ ምንም አልጠቀመኝም። መስኮት ላይ ማንም ምድቡን አይጠይቅሽም፣ የሚጠይቁሽ "መቼ ነው ሚያልቀው" ብቻ ነው። እኔ አንዲት ብሎኬት የማስነሳትም የማስቀመጥም ስልጣን የለኝም፣ ስድቡ ግን ለኔ ነው። ሰው ደሞ ምን ያርግ፣ የሚያየው የኔን ፊት ነው።

መስኮቷን ማየት ነበረብሽ። መስታወት ነው፣ ከታች ወረቀት ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው የተሰራው እኔ በተቀመጥኩበት ልክ ነው፣ ውጪ ያለው ሰው ግን ቆሞ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ጎንበስ ብሎ አፉን ቀዳዳው ላይ አርጎ ነው የሚያናግረኝ። ድምጹን ስሰማ አይኑን አላየውም፣ ቀና ሲል አይኑን አያለሁ ድምጹ አይሰማኝም። ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ ሲሉ አስቢው፣ ጎንበስ ብለው ደሞ የሚሰሙት "አባባ ይሄ ኮፒ ነው፣ ዋናው የታለ" ነው። አሁን ሽማግሌ ሲመጣ ተነስቼ በጎን በሩ እወጣለሁ፣ አለቃዬ ሲያየኝ ፊቱ ይጠቁራል፣ ወረፋ ይበላሻል ይላል፣ ይበላሽ።

ቋንቋ ጨምሬያለሁ ደሞ። ኦሮምኛዬ ያው የሰፈር ነበር፣ ሶማሊኛ ግን እዚሁ ነው የለመድኩት፣ እና ታውቂያለሽ መጀመሪያ ምን ብዬ አፌን እንደፈታሁ? "ቤሪ ካሌ"። በኦሮምኛም ቀኑን ሙሉ ከአፌ የማይጠፋው "ቦሩ ኮቱ" ነው። በሶስት ቋንቋ "ነገ ተመለስ" ማለት የሚችል ሰው ሆንኩልሽ። ትዝ ይልሻል መታወቂያ ልናወጣ ሄደን አራት ቀን ያመላለሰችንን ሴትዮ በባጃጅ እየተመለስን ስንረግማት? ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ በቃ። አሁን ሳስባት ሴትዮዋም መብራት ጠፍቶባት ወይ ሲስተም የለም ተብላ ይሆናል፣ እኛ ጋ ሲስተም ሲጠፋ መጀመሪያ የማውቀው እኔ መጨረሻ የሚነገረኝም እኔ ነኝ፣ ሰው ፊቴ ተኮልኩሎ እኔ ደሞ የማትዞር ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ እያየሁ "ትንሽ ታገሱ" እላለሁ።

ግን ወላሂ ከሲስተሙ በላይ ሰው የሚያመላልሰው ስም ነው። ድሬ ላይ ደሞ ስም መከራ ነው! ሙሐመድ ብቻውን ስንት አይነት እንደሚጻፍ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ፣ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ ማሀመድ፣ መሃመድ፣ ሞሐመድ፣ አንዱ ሰው ካርታው ላይ አንዱን ቀበሌ መታወቂያው ላይ ሌላውን ግብር ደረሰኙ ላይ ሶስተኛውን ይዞ ይመጣል፣ የጻፈው እሱ አይደለም፣ የዛሬ 30 አመት የሆነ ጸሐፊ በሰማው ልክ ጻፈው፣ አሁን ፍርድ ቤት ሄዶ እኔ እኔ ነኝ ብሎ ማስመስከር ያለበት ግን እሱ ነው። አንዱ ሰውዬ "እህቴ፣ ሃ እና ሐ ልዩነቱ ምንድነው?" አለኝ፣ ምን ልበለው፣ ድምጹ አንድ ነው፣ ፋይሉ ግን ሁለት ነው አልኩት፣ እሱ ሳቀ እኔም ሳቅኩ፣ ከኋላው ያለው ሰው ግን አልሳቀም። ልደት እንኳን በደንቡ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፣ አሁን ደሞ ፋይዳ መጣ፣ ምናልባት ለልጆቻቸው ይቀላል። ለትላልቆቹ ግን ያ ፋይዳ ራሱ አንድ ተጨማሪ አጻጻፍ ሆኖ ነው የመጣው።

ጉቦስ እንዳትዪኝ፣ እሱም አለ። አንዴ አንዱ ፎልደር ውስጥ፣ ሳይት ፕላኑና ካርታው መሀል፣ የታጠፈ ብር አስገብቶ ሰጠኝ፣ አወጣሁና በዛችው ቀዳዳ መለስኩለት፣ ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ፣ ፈርቼ ነው። ማታ ቤት ገብቼ የባጃጅ ሂሳብ ስቆጥር ደሞ ቆጨኝ፣ እሱንም አልደብቅሽም።

እሺ፣ ወደ ነገሩ።

እናትሽ መጡ። ያኔ አንቺ ከሄድሽ ሶስት ወር ይሆንሻል፣ ግንቦት ነው፣ ጠዋት ነው፣ ወረፋው በሩን አልፎ ኒሙ ዛፍ ስር ደርሷል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሰነዶቻቸውን በፌስታል ይዘው፣ ያንኑ ወረፋ ተሰልፈው መስኮቴ ጋ ደረሱ፣ ጎንበስ ሲሉ አዩኝ። "ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ!" አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ፊታቸው በራ፣ ቀዳዳዋ ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እጄን ያዙኝ። ያ እጅ ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ስንቴ እንዳጎረሰኝ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ "በቃ ዘመዷ ናት፣ እኛ እንቁም" ምናምን፣ አንዱ ደሞ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ሊቀርጽ የመሰለኝ ነገር አለ። እና ምን እንደሆንኩ አላውቅም። እጄን አወጣሁ። "ወይዘሮ፣ ሰነድዎን ይስጡኝ" አልኩ። ወይዘሮ! ከዛ ማንም ሳይጠይቀኝ ደረቅ ሆንኩ፣ ለማንም ከምሆነው በላይ፣ ሰዉ እንዲሰማ ድምጼን ከፍ አርጌ፣ ካርታው በሟች ስም ነው፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ የለም፣ የዘንድሮ የቦታ ግብር አልተከፈለም፣ ስሙም መታወቂያው ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም ብዬ ዘረዘርኩና ፌስታሉን መለስኩላቸው። የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነው እኮ፣ አንድም ውሸት የለበትም። ከዛ እሳቸው እንደቆሙ "ቀጣይ!" አልኩ።

"እሺ የኔ ልጅ፣ ስራሽን ስሪ" ብለው ሄዱ።

ከዛ በኋላ ሁለት ጊዜ መጥተዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ አይቻቸዋለሁ። መስኮት 2 ነው የተሰለፉት። የመስኮት 2 ወረፋ የኔን እጥፍ ነበር። እኔ እንዳላፍር ብለው ይመስለኛል። ያኔ የመጀመሪያው መልእክትሽ ስልኬ ላይ ነበር፣ "እማዬን እያየሻት ነው?" የሚለው፣ ምን ብዬ እመልሳለሁ፣ አዎ በመስታወት ውስጥ አያታለሁ ልበልሽ? ነግረውሽ ይሆን ብዬ ፈራሁ፣ ከዛ ደሞ እንዳልነገሩሽ ሲገባኝ የባሰ ሆነብኝ። ወር ሆነ፣ ከዛ ሁለት ወር፣ ከዛ ዝምታው ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነ።

ባለፈው እሁድ ቤት ሄድኩ። ከማንኳኳቴ በፊት ደጁን ሶስቴ አልፌዋለሁ። ከፍተው ሲያዩኝ "ግቢ፣ ቡና ደርሷል" አሉ፣ እንደ ድሮው፣ ያን ቀን የሚባል ነገር አላነሱም፣ እኔም ሶስተኛው ስኒ ላይ ደርሼ ነው ይቅርታ ያልኩት፣ "ምን ሆነሽ?" አሉኝ፣ እንደማያውቁ ሆነው። ስኳር አበዙልኝ። ሰነዱን አምጡ አልኳቸው፣ ያው ፌስታል ነው፣ ምንጣፍ ላይ ዘረጋነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደህና አርገሽ አንብቢ። የሚፈልጉት አንዲት ሰርቪስ ክፍል ሰርቶ ማከራየት ነው፣ ጡረታው አይበቃም፣ ላንቺ እንደማይነግሩሽ አውቃለሁ። ክፍሏን የፈለጓት ደሞ ከኋላ፣ ደቻቱ ወንዝ በኩል፣ የድሮው ማድቤት የነበረበት ላይ ነው። ያንን በ98 ጎርፉ ነው የወሰደው፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ እኛ ቤት አድራችሁ እኔና አንቺ አንድ ፍራሽ ላይ ነበርን፣ ጠዋት ስንመለስ አጥሩም ማድቤቱም የሉም፣ ድስቱ ብቻ ጭቃ ውስጥ አፉን ከፍቶ። የጭቃው መስመር እስካሁን የጓዳው ግድግዳ ላይ አለ፣ በትከሻዬ ልክ ነው፣ ቀለም አልቀቡትም። ያን ለሊት ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ ከዛ በኋላ ዳር ዳሩን ግንብ ተሰርቷል፣ ግን የኛ ሳይት የሚያየው ልጅ ከኋላ ክፍል እንደማይፈቅድ ካሁኑ ልንገርሽ፣ እኔም ብሆን አልፈቅድም። ከፊት፣ በበሩ በኩል፣ ሮማኑ ያለበት ጋ ቦታ አለ። ሮማኑ ይቆረጣል በያት ብለውኛል፣ እንድታውቂው፣ አንቺ የተከልሽው ስለሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ ካርታው አሁንም በአባትሽ ስም ነው። እናትሽ "ቤቱ የኔ አይደለም እንዴ?" ይላሉ፣ በኛ ህግ ግን ሚስት ወራሽ አትባልም፣ የጋራ ሀብቱ ግማሽ በራሷ ድርሻ የእሷ ነው፣ ቀሪው ግማሽ ለልጆች ይወርዳል፣ ማለት ላንቺና ለወንድምሽ። ይሄን ሳስረዳቸው ትንሽ ዝም ብለው "በገዛ ቤቴ ልጆቼን ላስፈቅድ?" አሉና ሳቁ። ወንድምሽ ይፈርማል ብሏል። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ለሱ ውክልና ስጪው፣ እዛው ጅቡቲ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሄደሽ ታዘጋጂዋለሽ፣ ከዛ ዋናውን ላኪው፣ ኮፒ ወይም በቴሌግራም ፎቶ አይሰራም፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ አለበት፣ እሱን ወንድምሽ ይጨርሳል። ውክልናው ላይ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፣ ስም ማዛወር፣ የግንባታ ፈቃድ መጠየቅ፣ ሶስቱም በግልጽ ይጻፉ፣ "ማንኛውንም ጉዳይ" ብለሽ ብቻ አትተይው፣ እኛ ጋ በዛ ስንቱን መልሰናል።

ሶስተኛ፣ እባክሽ፣ ስሙ። ካርታው ላይ የአባትሽ ስም በሙሉ ነው የተጻፈው፣ ገብረ ተብሎ። መታወቂያው ላይ ገ እና ጭረት ነው። ያንቺ ፓስፖርት ላይ ያለው ሌላ ነው። ኤምባሲ ስትሄጂ ካርታው ላይ ባለው አይነት ይጻፍ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ፣ ፊደል በፊደል አመሳክሪው፣ ፓስፖርትሽ ይለያል ካሉሽ ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸው እዛው ይጠቀስ። አንዲት ፊደል ሌላ ስድስት ወር ናት፣ እመኚኝ፣ እኔ ነኝ የምመልሳት።

ሲደርስ ፋይሉን እኔ አልቀበለውም፣ ደግ አይደለም፣ ዘመድ ነሽ ይሉኛል፣ እውነትም ነኝ። የእረፍት ቀን ወስጄ ከእናትሽ ጋር መስኮት 2 እሰለፋለሁ። ከሰዓት አይሆንም፣ ያው ታውቂያለሽ ከምሳ በኋላ ድሬ ውስጥ የሚነቃ የለም፣ በጠዋት ነው። በርጩማ ይዤላቸው እሄዳለሁ።

ጻፊልኝ፣ ብትሰድቢኝም ጻፊልኝ። እናትሽ ደሞ ሽቲ ቀሚስ ላኪልኝ በያት ብለዋል፣ የጥጡን፣ ሰፊውን፣ የባለፈው ጠቦኛል አሉ።