እጅሽን ከነጠላው ውስጥ አውጪልኝ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም

ይድረስ ለእናቴ፤ ናዝሬት።

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹም አባታቸውም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ናቸው። ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ስለ እጅሽ በጠየቅኩሽ ቁጥር «ልጆቹ በሉ?» እያልሽ ጨዋታውን ታስቀይሺኛለሽ፤ ወረቀት ግን ጨዋታ አያስቀይስም። ወንድሜ እንዲያነብልሽ አትስጪው። መነጽርሽን አድርጊና ለብቻሽ አንብቢው።

የማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውሮታል። አዲሱ በቅሎ እንደሆነ ለማየት በየማለዳው መስታወት ፊት ይቆማል። እሁድ እሁድ አባታቸው አሞራ ገደል ይወስዳቸዋል፤ ዓሣውን ትተው አባ ኮዳዎቹን ሲያዩ ይውላሉ። ሚጣ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ዓይኗ የአንቺ ነው፣ ምንም አያመልጣትም። ለእንቁጣጣሽ እናንተ ዘንድ ውለን ስንመለስ፣ ባቱን እንዳለፍን «አያቴ ጀበናውን ለምን እንደ ሕፃን አቅፋ ትቀዳለች?» አለችኝ።

እኔም አይቻለሁ። ጀበናውን በግራ ክንድሽ ደግፈሽ በቀኝ መዳፍሽ ነው ያዘነበልሽው፤ ጣቶችሽ አንገቱን አልጨበጡም። አራቱም ወደ ውጭ ተጋድመዋል፣ ነፋስ እንዳጎነበሰው ማሽላ። ስመለከትሽ አየሽኝና እጅሽን ነጠላው ውስጥ ከተትሽው።

አልጋሽን ሳነጥፍ ደግሞ ትራስሽ ሥር ሰባት ባዶ የዳይክሎፌናክ ማሸጊያ አገኘሁ። እማዬ፣ ይህ ክኒን ሲደጋገም ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል። አንቺ ደግሞ ለግፊትሽ ኢናላፕሪል ትወስጃለሽ፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ኩላሊትሽ ላይ የሚመጣው ይብሳል። ፋርማሲው ያለ ሐኪም ወረቀት ስለሸጠልሽ ከረሜላ አይሆንም። ሰገራሽ ጠቁሮ ያውቃል? አትፈሪኝ፣ የጠየቅኩሽ እኔ ልጅሽ ነኝ። የግፊት መድኃኒትሽን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ ለሐኪምሽ መንገር ያለብሽ ይህንን የተደበቀውን ነው።

ሶደሬ መሄድሽን አልከለክልም። ፍልውሃው ውስጥ ቆይተሽ ስትወጪ ለጥቂት ሰዓት እጅሽ እንደሚታዘዝልሽ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ቤትሽ ሆነሽ ሞቅ ባለ ውሃ ብትነክሪውም ያላላልሻል፣ የሚኒባስ ወጪ የለበትም። ሙቀት ግን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። «ብርድ ነው የመታኝ» የምትዪውንማ ተይው። ናዝሬት ላይ ምን ብርድ ኖሮ ነው 27 ዓመት ሙሉ የሚመታሽ?

የምነግርሽ አንዲት ሐኪም የነገረችኝን ነው። ቁርጥማት የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። አንደኛው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልም አጥንት ከዕድሜ ጋር እየሳሳ የሚመጣው ነው፤ ጉልበት ላይ ይበዛል፣ የጠዋቱ መተሳሰርም ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል። ሌላው ሩማቶይድ የሚሉት ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን አንጓ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል፤ የሁለቱንም እጆች ትናንሽ አንጓዎች ያሳብጣል፣ ጠዋት አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ጣት አያሳጥፍም። የአንቺ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ስትመረመሪ ነው። ምጣዱን ከማሟሸትሽ በፊት ጎህ ሳይቀድ እጅሽን እሳቱ ላይ እያገላበጥሽ ስታሞቂ የነበረውን ሳስበው ግን ሁለተኛው ይመስለኛል።

ስለ ምጣዱ ካነሳሁ አይቀር ልናገረው። 1991 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ሰኞ «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራውን አንቺ ጋግሪ» አልሽኝ፣ በቃ። በቀን 80 እንጀራ። ሊጡን ሳዞር፣ አክንባሎውን ሳነሳ፣ ሰፌዱን ከሥሩ ስሰድ አጠገቤ ቆመሽ «ዓይኑ ጠፋ፣ ጠርዙ ደረቀ» ትዪኛለሽ፤ እጅሽን ግን አትዘረጊም። ጎረቤት ከትምህርት ቤት ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቅሽ «ሰነፈች፣ ትምህርቱ አልገባት አለ» አልሽ። መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁሽ። በማታ ትምህርት ጨረስኩት፣ ሥራም ያዝኩ። ሁላችንንም ያሳደገን ያ እንጀራ መሆኑን አልረሳሁም፣ አመሰግንሻለሁ። ያቺን «ሰነፈች» ግን እስከ ዛሬ መዋጥ አልቻልኩም። «እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ልጄ» ብትዪኝ ኖሮ እየዘፈንኩ እጋግርልሽ ነበር። እጇ ታመመ ተብሎ ደንበኛ እንዳይሸሽሽ ፈርተሽ እንደነበር የገባኝ እኔም ወልጄ ነው። ቢገባኝም ያማል።

ያኔ 40 ዓመትሽ ነበር። እኔ ባለፈው ነሐሴ 43 ሞላኝ።

ከላይ ስለ ሁሉም ደህንነት ጽፌ ስለ ራሴ ያለፍኩት ረስቼ አይደለም። ከሰኔ ወዲህ ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም። የማሙሽን የዩኒፎርም ቁልፍ የምትቆልፍለት ሚጣ ናት። ደም ሰጥቻለሁ፤ ግማሹ ውጤት መጥቷል፣ ለቀሪው ቀጠሮዬ ኅዳር 3 ነው። ያ በሽታ ከሆነ መድኃኒት አለው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ፣ ደም እየተመረመሩ የሚወስዱት ነው፤ ቶሎ ከተጀመረ አንጓው ሳይበላሽ ሊይዘው ይችላል አለችኝ። ለአንቺም የተጣመመውን ባያቃና እብጠቱንና ሕመሙን ይቀንሳል። እናት ስለታመመች ብቻ ልጅ የግድ አይይዛትም፤ ቢሆንም ከቤተሰብ የታመመ ሰው ካለ ሐኪሟ ማወቅ ትፈልጋለች። «እናትሽን ስንት ዓመቷ ላይ ጀመራት? ከየትኛው ጣት?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ከጎንሽ ቆሜ ያን ሁሉ ጋግሬ አላውቅም ስል አፈርኩ፤ ተናደድኩብሽም።

ስለዚህ ንገሪኝ። ዓመተ ምሕረቱን ባታስታውሺ ግድ የለም። ወንድሜ ጡት ሳይጥል ነው ወይስ ከጣለ በኋላ? አባዬ ከማረፉ በፊት ነው? ሁለቱም እጆችሽ አንድ ላይ ነው ያበጡት? መጻፍ ካስቸገረሽ ወንድሜ ሥራ ሲወጣ ጠብቀሽ ደውይልኝ። ከቀጠሮዬ በኋላ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ሐኪሟ ሁለታችንንም ትየን።

እስከዚያው ያቺን ዝቅተኛ በርጩማ ተያት፤ ከእርሷ ስትነሺ በጡጫሽ መሬት እየተደገፍሽ ነው። ወንድሜ ከፍ ያለ ወንበር ይግዛልሽ፣ ብሩን ልኬለታለሁ። ዘንቢልሽን በጣትሽ አታንጠልጥዪ፣ ክንድሽ ላይ አግቢው።

የዓመቱን በርበሬ አዘጋጅተሽ እንደጠበቅሽኝ ወንድሜ ነገረኝ። ማን ቀነጠሰው?

ልጅሽ