ትተሽልኝ የሄድሽው አበባ

ይድረስ ለውድ እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከኔዘርላንድ ዘ ሄግ ወደ ስዊድን ጎተንበርግ ከሄድሽ አራት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ ለአንዱም አለመመለሴ ያሳፍረኛል። ምክንያቱን ሳልሸሽግ ልንገርሽ። በሁለቱም ደብዳቤዎችሽ መጨረሻ ላይ «አበባዬስ እንዴት ናት?» ብለሽ ነበር፤ አበባሽ ደግሞ በእጄ ላይ እየሞተች ነበር። አደራ በላ የሆንኩ ስለመሰለኝ ብዕር ማንሣት አቃተኝ።

ስትሰጪኝ ኤክሚያ ፋሺያታ የምትባለው አበባሽ በሙሉ ውበቷ ላይ ነበረች። ብርማ መቀነት የታጠቁት ሰፋፊ ቅጠሎቿ እንደ ጽዋ ክብ ሠርተው፣ ከመካከላቸው ያ እሾሃማ ሮዝ ዘለላ ወጥቶ፣ በየስርጉዱ ጥቃቅን ሰማያዊ አበቦች ብቅ ይሉ ነበር። ሰማያዊዎቹ ቶሎ ቀልተው ጠወለጉ፤ ሮዙ ግን ወደ ስድስት ወር ቆየ። ከዚያ በኋላ ዘለላው ደረቀ፣ ቅጠሎቿም ከጫፍ ጀምረው ወደ ቡናማነት መለወጥ ያዙ። ውሃ የጠማት መስሎኝ አፈሯን በየቀኑ አጠጣሁ። በቅጠሎቿ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ አቧራ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፤ የብር መቀነቷም አብሮ ጠፋ።

ብናኙ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቅጠሉ ውሃና ምግብ የሚስብባቸው እጅግ ደቃቅ ቅርፊቶች ናቸው። ይህች ተክል በትውልድ አገሯ፣ በብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔይሮ አካባቢ ባለው የአትላንቲክ ዳርቻ ጫካ፣ በአብዛኛው በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ ትኖራለች። የዛፉን ምግብ ግን አትወስድም፤ ሥሯ ከመጨበጫ ብዙም አያልፍም። ዝናቡ በጽዋዋ ይጠራቀማል፣ የረገፈ ቅጠል እዚያው ይበሰብሳል፣ እርሷም በቅጠሎቿ ትመገባለች። እኔ ሥሯን በውሃ ሳጥለቀልቅ አንቄያት ኖሯል።

ሞቷ ግን የእኔ ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ይህን ሳውቅ አለቀስኩ ብልሽ እውነቴን ነው። ኤክሚያ በሕይወቷ የምታብበው አንድ ጊዜ ነው፤ ካበበች በኋላ ቀስ በቀስ እየሞተች ከሥሯ ልጆች ታወጣለች። በአገራችን ሙዝ አፍርቶ ሲያበቃ እናቲቱ ወድቃ ልጆቿ እንደሚተኩ ማለት ነው። እናቲቱን ልጥላት ስል ከታች ሁለት ቡቃያ አገኘሁ። አንደኛውን ገና በመዳፍ ልክ ሳለ ቸኩዬ ቆረጥኩትና በሰበሰ። ሁለተኛውን የእናቱን ቁመት እኩሌታ እስኪደርስና የራሱን ሥር እስኪያወጣ ታገሥኩት፤ ከዚያም በስለታም ቢላ ለይቼ በደቀቀ የዛፍ ቅርፊት፣ በጥቂት አፈርና ፐርላይት በሚባል ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ በሞላሁት ትንሽ ሸክላ ተከልኩት። ሰፊ ሸክላ አይስማማትም፤ እርጥበቱ ስለሚቆይ ሥሯ ይበሰብሳል። ስትነኪያት ጓንት አድርጊ፤ የቅጠሏ ጠርዝ ይቧጭራል፣ ፈሳሿም የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል።

አሁን በምሥራቅ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ናት፤ የጠዋት ፀሐይ ታገኛለች፣ የቀትሩ ቃጠሎ ግን አይነካትም። የዝናብ ውሃ በረንዳ ላይ አጠራቅሜ ጽዋዋን በጥቂቱ እሞላለሁ፤ የቧንቧው ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ቅጠሏን በነጭ ያዥጎረጉረዋል። በየሁለት ሳምንቱ አሮጌውን ደፍቼ አዲስ እጨምራለሁ፤ አፈሩን የማጠጣው ላዩ ሲደርቅ ብቻ ነው። በክረምት ግን ጽዋዋን ጥቂት ብቻ አስቀርላታለሁ፤ ብርድና የተኛ ውሃ ሲገናኙ ልቧን ያበሰብሱታልና። ቤቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይወርድም እጠነቀቃለሁ።

ቡቃያዋ አድጋ እናቷን ብታክልም አላብብ አለችኝ። ጽዋዋን አድርቄ፣ ከበሰለ ፖም ጋር ግልጽ ፌስታል ውስጥ ለአሥር ቀን ዘጋሁባት። ፖሙ ሲበስል የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ለማበብ ያነሣሣታል፤ አናናስ አምራቾችም የአናናሳቸው ማሳ በአንድ ጊዜ እንዲያብብ ለማድረግ በዚሁ ጋዝ ይጠቀማሉ። ለካ አናናስ የቅርብ ዘመዷ ነው። በሦስተኛው ወር ከጽዋዋ ግርጌ ሮዝ ነጥብ አየሁ። ዛሬ ይህን ስጽፍልሽ ዘለላው በፊት ለፊቴ ተከፍቷል፣ የመጀመሪያዋም ሰማያዊ አበባ ትናንት ወጣች።

አንድ ነገር ደግሞ አንቺ ያለሽበትን ከተማ ይመለከታል። ኤክሚያና አናናስ ያሉበት የዕፅዋት ቤተሰብ ከ3,000 የሚበልጡት ዝርያዎች፣ ከአንዲት የጊኒ ተወላጅ በቀር፣ ሁሉም የአሜሪካ አህጉራት ልጆች ሆነው ሳለ፣ ብሮሜሊያድ የተባሉት ኡሎፍ ብሮሜሊየስ በሚባል ስዊድናዊ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ስም ነው። ስሙን ያወጣው ፈረንሳዊው መነኩሴና የዕፅዋት ሊቅ ሻርል ፕሉሚዬ ነው። ብሮሜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1639 ተወልዶ በ1705 ሞተ፤ የሞተውም እዚያው ጎተንበርግ ነው። ይህን ሳነብ አበባዋ ራሷ ወደ አንቺ መንገድ የጠቆመችኝ መሰለኝ።

ከሥሯ አዲስ ቡቃያ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። እኩሌታዋን እስክታድግ ጠብቄ በባቡር ይዤልሽ እመጣለሁ። የጎተንበርግ ክረምት ጨለማው ረጅም ስለሆነ ቦታዋን አስቀድመን ማሰብ አለብን፤ ከራዲያተሩም ራቅ ማለት አለባት። የሳሎንሽ መስኮት በየት በኩል እንደሚያይ ጻፊልኝ።

እህትሽ