የማርያም ስም የጠፋ ዕለት፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ የአይሲቲ ክበብ የያዘው አንድ ሥራ ነው፤ ኮምፒውተር የእኛን ፊደል አይቶ እንዲያነብ ማድረግ። "ታዲያ ስልክ ይዞ ደብር መሄድ የአይሲቲ ሥራ ነው ወይ?" ያላችሁኝ ባልደረቦች አላችሁ። አዎ፣ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ 31 ልጆች ተመዘገቡ፣ ዓመቱን የጨረሱት 19 ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ እየተገናኘን ኮሚቴ መረጥን፣ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማርን፣ ኦፕን ሲቪን ጫንን። ኦፕን ሲቪ በ1999 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ውስጥ የተጀመረ፣ ዛሬ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት የምስል መሥሪያ ስለሆነ ለሶፍትዌር ከትምህርት ቤቱ አንድ ብር አልጠየቅንም። ስለ ስብሰባዎቹ ይሄ ይበቃል።

ዋናው ነገር የካቲት ላይ ነው የሆነው። ጎንደር ላይ ብራና ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፈቃድ ጠይቀን፣ 12 ሆነን ወደ ደብሩ በእግራችን ሄድን። የኔታ ብራናውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አመጡልን። እሳቸው ገጹን እየገለጡ እኛ በስልክ አነሳን፤ ፍላሽ አልተጠቀምንም። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት እንደሚሠራ፣ ቀዩ ደግሞ ለቅዱሳን ስም እንደሚቀመጥ ነገሩን። ችግሩ ፀሐይዋ ነበረች። በመስኮት ገብታ የገጹን ግማሽ ስታበራው ሌላው ግማሽ ጥላ ሆነ። እኔ ምን እናድርግ እያልኩ ሳስብ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ከጓደኛዋ ጋር መስኮቱ ላይ ወጠረችው። ብርሃኑ ለስለስ አለ፣ ገጹም እኩል ሆነ። ይህን ማንም አላስተማራትም።

እኛ በያዝነው መንገድ ኮምፒውተር ፊደል ከማንበቡ በፊት ምስሉ መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይሆናል። በግራጫው ምስል ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ቁጥር አላት። አንድ ቁጥር ላይ ድንበር ይሰመራል፤ ከድንበሩ በታች ያለው ጥቁር፣ በላይ ያለው ነጭ ይሆናል። ድንበሩ የት ይሁን የሚለውን ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘዴ ኮምፒውተሩ ራሱ ይወስናል። ሞከርነው። ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ባለነጠላዋ ግን አላጨበጨበችም። ስልኳን ከስክሪኑ ጎን ይዛ መስመር በመስመር ታስተያያለች። ከዚያ ቀስ ብላ "ቲቸር፣ የማርያም ስም የለም" አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ ባዶ ቦታ፣ ሰባተኛውም ላይ ባዶ ቦታ። በቀይ የተጻፈው በሙሉ ጠፍቷል። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ምክንያቱን እስክታገኘው ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ባለቀለም ምስል ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ሦስት ቁጥሮች አሏት፤ ወደ ግራጫ ሲቀየር ከቀዩ 30፣ ከአረንጓዴው 59፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ገደማ ተወስዶ ይደመራል። ዕድሜ ያደበዘዘው ቀይ በዚህ ስሌት ፈዛዛ ግራጫ ይሆንና ከብራናው ጋር አብሮ ይነጣል። እሷ ግራጫውን ትታ ከሦስቱ የአረንጓዴውን ቁጥር ብቻ ወሰደች። ቀይ ቀለም አረንጓዴ ብርሃንን ብዙም ስለማይመልስ እዚያ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። የቀየረችው አንድ መስመር ኮድ ነው። ስሙ ተመለሰ። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የተስተካከለውን ገጽ አትመን ስንወስድላቸው የኔታ ጣታቸውን ስሙ ላይ አድርገው አነበቡና "እደጊ፣ ተመንደጊ ልጄ" ብለው መረቋት።

ብራናው ላይ ያሉትን ነቁጦች ለማጽዳት ደግሞ ሚዲያን ፊልተር ተጠቀምን፤ እያንዳንዷን ነጥብ በዙሪያዋ ባሉት ነጥቦች መካከለኛ ቁጥር የሚተካ ማጽጃ ነው። ዙሪያውን 3 በ3 ነጥብ ስናደርገው ጥሩ ነበር። የበለጠ ይጥራ ብለን ወደ 7 በ7 ከፍ ስናደርገው ከ"ሉ" ጎን ያለችውን ትንሽ ጭረት ይዟት ሄደ፣ "በሉ" የነበረው "በለ" ሆነ። ሌላ አገር ለሌላ ፊደል የተመጠነ ቁጥር እንዳለ ሲመጣ እኛ ጋ እንዲህ ያደርጋል። የራሳችንን ፊደል የምናውቅ እኛው ቁጭ ብለን ካላስተካከልነው ማን ያስተካክልልናል?

ያልተሳካም አለ። የእጅ ጽሑፍ ማንበቢያችን ገና ነው። 60 ተማሪዎች 231ዱንም ፊደል ጽፈውልን 13,860 ምስል ሰበሰብን። ብዙ ይመስላል፤ ግን ጀማሪ ሁሉ የሚለማመድበት ኤምኒስት የሚባለው የቁጥር ስብስብ ለ10 አኃዞች ብቻ 70,000 ምስል አለው። እኛ ለአንድ ፊደል ያለን 60 ነው። መጀመሪያ ከ10 ፊደል 9ኙን አነበበ ብለን ጮቤ ረገጥን። ኋላ ስናጣራ የፈተንነው እዚያው በተለማመደበት ልጆች ጽሑፍ ኖሯል። አይቶት በማያውቀው ሰው ጽሑፍ ስንፈትነው ወደ 6 ወረደ። ሥራችንን ባቀረብንበት አውደ ርዕይ ላይ የለጠፍነውም 6ን ነው። ሽልማት አላገኘንም፣ ልጆቹ ግን ትክክለኛውን ቁጥር ይዘው ስለቆሙ ኮርቼባቸዋለሁ።

ስለ ዕቃው በግልጽ ልናገር። የኮምፒውተር ክፍላችን (ላብ) ውስጥ ካሉት 24 ኮምፒውተሮች የሚሠሩት 9 ናቸው። መብራት ሲሄድ የሁለት ሰዓት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ኢንተርኔቱ የእኔ ስልክ ዳታ ነው። ለስፖርት ክበብ ማልያ ሲገዛ ደስ ብሎኛል፣ ይገባቸዋል። የእኛዎቹም ልጆች ይገባቸዋል። የምንጠይቀው አንድ ስካነር፣ ሁለት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) እና ጥሩ መብራት ነው። ወላጆች፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክም ቢሆን ካሜራው ከሠራ እንቀበላለን። አሜሪካም እስራኤልም ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ካለ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ላኩልን።

ባለነጠላዋ ልጅ ስሜ አይጻፍ ስላለችኝ አልጻፍኩትም። በመጪው ዓመት 12ኛ ክፍል ናት፣ ብሔራዊ ፈተና አለባት። እንዲያም ሆኖ አዲስ የሚገቡትን የ9ኛ ክፍል ልጆች እኔ አስጀምራቸዋለሁ ብላለች። ገጾቹን የኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈናቸዋል፤ ስሙ የጠፋበትና የተመለሰበት ጎን ለጎን ናቸው። ረቡዕ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነን፣ ኑና እዩ።